«ነጻ» የሚል ማህተም

ጡረታዬ የተፈቀደው በሐምሌ ነው። ከመሥሪያ ቤቱ ተለቅቄ የወጣሁት ግን በጥቅምት ነው። በመካከሉ ያለውን ጊዜ የበላችው አንዲት ማህተም ናት።

የንብረት ክፍሉ ደሴ መዝገቡን እንደ ዳዊት ዘርግቶ አንድ በአንድ ጠራልኝ። የደም ግፊት መለኪያ፣ አለ። የምርመራ አልጋ፣ አለ፤ አንድ እግሩ ከድንጋይ ቢሆንም አለ። መጋረጃ፣ ፍየል ከበላችው የተረፈው ግማሽ አለ።

«ማህተም፣ ክብ፣ ባለ እንጨት እጀታ፣ አንድ» አለ።

«ዝለለው» አልኩት።

«ሲስተር፣ ማህተም አይዘለልም። ወንበር ቢሆን እሺ።»

«ጠፋ በልና ጻፍ።»

«ጠፋ ካልኩማ ፖሊስ ጋ ሄደው ቃል ሊሰጡ ነው። ወይ ያምጡት፣ ወይ ክሊራንሱ አይፈረምም።»

ማህተሟ አልጠፋችም። የት እንዳለች ልቅም አድርጌ አውቃለሁ። መተማ ዮሐንስ፣ ወደ ድንበሩ መሻገሪያ ሲኬድ በስተግራ፣ አንዲት የሻይ ደሳሳ ውስጥ ዝንጅብል ትወቅጣለች። ሄጄ መልሺልኝ ለማለት ግን ፊት አልነበረኝም። የደሳሳዋ ባለቤት ጥሩዬ ትባላለች፤ በዚያች ማህተም ምክንያት ሕይወቷን ለጥቂት ያላሳጣኋት ሴት ናት።

እንግዲህ ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። እኔ ወሬ ስጀምር ከሸሕዲ የተነሣ መኪና ጎንደር ደርሶ፣ ጭነቱን አራግፎ ይመለሳል እያሉ የሚያሙኝ ባልደረቦች አሉ። ውሸታቸውን ነው። ጎንደር ድረስ ብቻ ነው።

ሥራ የጀመርኩት አብርሃ ጅራ በምትባል የቆላ ከተማ ነው። ነጭ ጋውኔን ለብሼ ስወርድ ገና ሃያዎቹ ውስጥ ነበርኩ፤ ጋውኑ በሳምንቱ ቡናማ ሆነ፣ እኔም አብሬ ጠቆርኩ። ሙቀቱን ላላየ ሰው ማስረዳት ይከብዳል። ቴርሞሜትራችን ገና ኪስ ውስጥ እያለ ሠላሳ ዘጠኝ ያነባል። በሽተኛ ከመለካታችን በፊት ውሃ ውስጥ ነክረን እሱን ማብረድ ነበረብን። በሰሊጥ አጨዳ ሰሞን ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከደጋው ጎንደር የሚወርደው ሠራተኛ በወባ ተጠቅልሎ ይመጣል፤ ካላዛር የያዘው አለ፤ እባብ የነደፈው አለ፤ ምንም ሳይሆን ጥላ ፍለጋ የሚመጣም አለ፣ ደግሞ እሱ ነው ቶሎ የማይድነው። ደመወዝ ሲመጣ ይመጣል፣ ሪፖርት ግን በየወሩ ይሄዳል። አለቃዬ ስብሰባ የሚወድ ሰው ነበር። በሽተኛ ሁሉ ሲድን ግራ ይገባዋል፣ አጀንዳ ያጣል።

ከዚያ ሸሕዲ ተዛወርኩ፤ የሴቶችን ጡት መመርመር የተማርኩትም እዚያ ነው፤ ሲስተር ብርቅነሽ እጅ ላይ።

ሲስተር ብርቅነሽ ቁመታቸው ከምርመራ አልጋው እምብዛም አይበልጥም። በዚያ ላይ በርጩማ ላይ ነው የሚቀመጡት፤ ልትመረመር የመጣችውን ሴት ወንበር ላይ አስቀምጠው ራሳቸው ዝቅ ብለው፣ ከታች ወደ ላይ እያዩ ያናግሯታል። «እላይዋ ላይ ቆመሽ ከጠየቅሻት እሺ ትልሻለች። እሺ ያለችው ግን ላንቺ እንጂ ለራሷ አይደለም» ይሉኝ ነበር።

ሌላ አገር ነርስ ጡት ከመመርመሯ በፊት እጇን ታሞቃለች አሉ። እኛ ዘንድ ማብረድ ነው። ሲስተር እጃቸውን ጎድጓዳ የውሃ ሳህን ውስጥ ነክረው፣ አድርቀው፣ ጣታቸው በላብ እንዳይያዝ የሕፃን ፓውደር ይነሰንሱበታል። የሚመረምሩት በሦስት ጣት ነው፤ በጥፍሩ ጫፍ ሳይሆን በለስላሳው በኩል። ትንሽ ክብ እያዞሩ አንድ ቦታ ላይ መጀመሪያ ቀስ፣ ቀጥሎ ጠንከር፣ ቀጥሎ እስከ ጎድን አጥንት። ከአንገት አጥንት እስከ ጡት ሥር፣ ከደረት መሐል እስከ ብብት፣ ትራክተር ማሳ እንደሚያርስ መስመር ሳይዘሉ። እኔ በመጀመሪያው ቀን በሁለት ደቂቃ ጨርሼ ተነሣሁ። «ሜዳውን አልፈሽበት ሄድሽ እንጂ መቼ አረስሽው» አሉኝና እንደገና አስጀመሩኝ።

ሌላው ሀብታቸው ከረጢቷ ናት። ጡት የምታህል ከረጢት ከአቡጀዲ ሰፍተው፣ የቆላውን ጥጥ ጠቅጥቀውባት፣ ውስጧ አንዲት ሽምብራ፣ አንዲት ማሽላና አንዲት ሰሊጥ ደብቀውባታል። ሴቶቹ እንዲዳስሷት ይሰጧቸዋል። ሽምብራዋን ሁሉም ያገኟታል። ማሽላዋን ከመጋዘን የሚመጡት ሰሊጥ አበጣሪዎች ያገኟታል፣ ጣታቸው ከእኔ ጣት አሥር ዓመት ትምህርት ይበልጣል። ሰሊጧን ግን ማንም አግኝቷት አያውቅም። አንዲቷ አበጣሪ እልህ ይዟት ግማሽ ቀን ስትዳስስ ዋለችና «ሲስተር፣ የለችም፣ እየቀለዱብን ነው» አለች።

«አለች። እኔ ነኝ ያስገባኋት» አሉ ሲስተር። «እኔም አላገኛትም። እጄ የማያገኘው ነገር እንዳለ እንድታውቁ ነው እዚያ ያለችው።»

ከዚህ በኋላ ነው የሚነግሯቸው። ጡት ላይ የሚገኝ እብጠት አብዛኛው ካንሰር እንዳልሆነ። ካንሰር ቢሆን ግን ቀድሞ የተገኘው ለሕክምና እንደሚቀል። ምርመራው ያለውን ሊስት፣ ወይም ከንቱ ነገር አግኝቶ በከንቱ ጎንደር ድረስ ሊያመላልስ፣ በሐሳብም ሊያከሳ እንደሚችል። እሺ ማለትም፣ እምቢ ማለትም፣ ቆይ ላስብበት ማለትም እንደሚቻል፤ እምቢ በማለቷ የልጇ ክትባት የሚቀርባት እንደሌለች። ይህን ይጨርሱና ጆግ አንሥተው ይወጣሉ። ከመስኮቱ ሥር አንዲት የኒም ዛፍ ተክለዋል፣ እሷን ያጠጣሉ። ሴትዮዋ ለብቻዋ ታስባለች።

እኔ የዛፍ ፍቅር መስሎኝ ነበር። በቀን አሥር፣ አሥራ አምስት ጊዜ የምትጠጣ ኒም እንዴት እንደምታድግ አስቡት። ስዛወር ጥላዋ ከድንበሩ ማዶ ሱዳን ገላባት ሊደርስ ትንሽ ነው የቀረው።

መተማ ዮሐንስ ስመደብ የራሴ ክፍል፣ የራሴ አልጋ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የራሴ አንደበት ነበረኝ። ከረጢት ሰፋሁ። ሰሊጧን ግን ተውኳት፤ ሴቶቹ ፊት ላይ የደስታ ብርሃን መጣ ስል እሷ ታጠፋብኛለች። ለኒም ጊዜ አልነበረኝም። በኒሟ ፋንታ ማህተም አስቀረጽኩ።

መተማ ዮሐንስን የማያውቅ ሰው ይህ ለምን እንደታየኝ አይገባውም። ከተማችን ድንበር ላይ ናት። መኪና የሚቆመው ለማህተም፣ የሚነሣውም በማህተም ነው። የተፈተሸ ጭነት ማህተም ካረፈበት አበቃ፣ ሁለተኛ የሚነካው የለም። አህዮቻችን እንኳ ሐምራዊ ቀለም ሲያዩ ሳይነዷቸው ይሄዳሉ። እኔም በክቡ ጠርዝ «የጡት ምርመራ»፣ መሐሉ ላይ ደግሞ በደማቁ «ነጻ» የሚል አስቀርጬ፣ በንብረት መዝገብ አስመዝግቤ፣ መርምሬ ምንም ያላገኘሁባትን ሁሉ ካርዷ ላይ እመታላት ጀመር።

ምኑን ልንገራችሁ፣ ሰልፉ ሱዳን ገባ። እየተሻገሩ የሚነግዱት ሴቶች «የሲስተር ተማም» ብለው ስም አወጡለት፤ ሁሉ ደህና ነው እንደማለት ነው። አንዱ ሹፌር ሚስቱን ይዞ መጥቶ «ለእኔም ምቺልኝ» አለኝ። መታሁለት፣ ክንዱ ላይ።

በዚያ መሐል ሲስተር ብርቅነሽ ሊጠይቁኝ መጡ። ሰልፉን አዩ፣ ማህተሟን አዩ፣ ከረጢቴን አንሥተው በሦስት ጣት ዳሰሷት።

«ጉምሩክ ከፍተሻል ለካ» አሉኝ።

ሳቅሁ። ምርቃት መስሎኝ።

«ሰሊጧስ?»

«ተውኳት ሲስተር። ሰው ታደናግራለች።»

በመስኮቱ ወደ ውጭ አዩ። «የምታጠጪው ነገር የለሽም?» አሉኝ፤ ለኒም የሚሆን ጊዜ እንደሌለኝ ነገርኳቸው፣ ከነሰልፌ ትተውኝ ሄዱ።

ጥሩዬ ማህተም ካረፈባቸው አንዷ ናት። ለሹፌሩና ለእግረኛው ሻይና ከረከዴ የሚሉትን ቀይ የአበባ መጠጥ ትሸጣለች። ካርዷን በላስቲክ ሸፍና፣ ከንግድ ፈቃዷ ጎን፣ የደሳሳዋ ምሰሶ ላይ ሰቅላዋለች። እኔም ሻይ ልጠጣ ስሄድ ካርዱ ፊት ለፊት ነው የምቀመጠው፤ እንደ ሥዕል አየዋለሁ።

ዓመት ከምናምን በኋላ፣ የሰሊጥ አጨዳ ደርሶ ከተማው ጢም ባለበት ሰሞን፣ ስትቀዳ አየኋት። በግራ እጇ ነው የምትቀዳው።

«ቀኝሽ ምን ሆነ?» አልኳት።

«ብብቴን ወጠር ያደርገኛል። ደህና ነኝ ሲስተር፣ አይጨነቁ።»

«ጡትሽ ላይ የምትነኪው ነገር አለ?»

«ቆየ እኮ እሱማ። ከክረምት በፊት ሽምብራ ታህል ነበር። አሁን ከፍ ብላለች።»

«ታዲያ ለምን አልመጣሽም?»

የገረማት ጥያቄዬ ነው። በማንኪያው ወደ ምሰሶው አሳየችኝ። «ነጻ ነሽ ብለው ማህተም መትተውልኝ የለ እንዴ? አንዴ ያለፈ ጭነት ማን ደግሞ ይፈትሻል?»

ወደ ክፍሌ ወሰድኳት። ሳህን ውስጥ አልነከርኩ፣ ፓውደር አልነሰነስኩ፤ እጄ በራሱ በርዶ ነበር። ሎሚ ታህላለች። ብብቷ ውስጥም ሌላ ትንሽ አለ። «ነገ እመጣለሁ» ብቻ ብዬ ሸሕዲ ሄድኩ። ሲስተር ብርቅነሽ ያን ጊዜ ጡረታ ወጥተው እዚያው ጤና ጣቢያው አጠገብ ነበሩ። የሆነውን ነገርኳቸው። አይዞሽ አላሉኝም።

«ምን ብዬ ልንገራት?» አልኳቸው።

«የምታውቂውን። ከዚያ የማታውቂውን። ከዚያ ዝም።»

«ጥፋቴንስ?»

«ከሁሉ አስቀድመሽ።»

በማግስቱ ደሳሳዋ ውስጥ፣ ሕይወቴን ሙሉ ተቀምጬበት የማላውቀው ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ማህተሙ ውሸት እንደሆነ ነገርኳት። የዚያን ቀን እጄ ምንም አላገኘም ማለት ብቻ እንጂ ነጻ ነሽ የሚያሰኝ እንዳልነበር፤ በእኔ ማህተም ሽምብራዋ ሎሚ እስክትሆን መቀመጧን። ጥሩዬ ሰማችኝ። መሐል ላይ ለሁለት ሰው ሻይ ቀድታ ተመለሰች።

«እንግዲያ ለምን መታሽብኝ?» አለችኝ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ «እርስዎ» ማለቷን ተወችው።

«ሰው ደስ ሲለው ማየት ስለምወድ።»

«እ።»

ጎንደር ምን እንደሚጠብቃት ነገርኳት። በመርፌ ናሙና እንደሚወስዱ፣ ካንሰር ከሆነ ቀዶ ሕክምና እንዳለ፣ ከዚያ ፀጉር የሚያረግፍ መድኃኒት እንዳለ። ምን ያህል እንደሄደ እንደማላውቅ፣ መዳኗንም እንደማላውቅ። መዘግየት እንደማይበጃት፣ እኔን ብትጠይቀኝ ነገ ብትነሣ እንደምወድ፤ ገላው ግን የእሷ እንደሆነ። አለቀብኝ። ዝም ማለት ቀረኝ፣ እሱን ደግሞ ተቀምጬ አልችልም። ጆጓን አንሥቼ ወጣሁ። ውጭ የሚጠጣ ዛፍ የለም። የቆመ ከባድ መኪና አለ፤ ሳላስበው ጎማው ላይ ማፍሰስ ጀመርኩ።

ሹፌሩ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «እትዬ፣ ጎማ አይበቅልም» አለኝ።

ጆጓን ጨርሼ ስመለስ ጥሩዬ የከሰል ምድጃውን አፍ ዘግታዋለች። «እህቴ ደሳሳዋን ትይዝልኛለች፣ ነግሬያታለሁ። ከነገ ወዲያ እሄዳለሁ» አለች። «ማህተሙን ስጪኝ።»

«ምን ያደርግልሻል?»

«ስጪኝ።»

ሰጠኋት።

ቀኝ ጡቷን ጎንደር ላይ ወሰዱላት። መድኃኒቱን ለመቀበል ወራት ተመላለሰች። አንድ ቀን ከጉዞ ተመልሳ ልጠይቃት ስገባ ራሷን ሻሽ አስራ፣ ደሳሳዋ ውስጥ ጣውላ ላይ ዝንጅብል ትወቅጣለች። መውቀጫዋን ሳየው የእኔ ማህተም ናት። ገልብጣ አሳየችኝ። ፊደሎቹ አንድም የሉም፤ ጎማው ላይ የቀረው ዳር ዳሩን የሚዞረው ክብ ብቻ ነው።

«ፀጉሬን ስላጭ እሷንም አብሬ ላጨኋት» አለችኝ። «እኔ ብቻ ለምን?»

የዓመቱን ያህል ሳቅሁ፣ ከዚያ ደግሞ አለቀስኩ። እሷ ሻይ ቀዳችልኝ፣ በቀኝ እጇ።

ከዚያ በኋላ ያለው የሥራ ዘመኔ ዝምታ የተማርኩበት ነው፤ ለእኔ የሁለት ሰው ሥራ ነው። ከረጢቴን ፈትቼ ሰሊጧን መለስኳት። ኒም ተከልኩ፤ የመጀመሪያዋን ያችው መጋረጃ በሊታ ፍየል በላቻት፣ ሁለተኛዋ በቀለች። ማህተም ላረፈባቸው ሴቶች ሁሉ ቤት ለቤት ዞሬ፣ ላላገኘኋቸውም በዘመድ መልእክት ልኬ፣ ካርዱ ነገን እንደማያውቅ ነገርኳቸው። የተሳደቡ አሉ። ልክ ነበሩ።

አንዲት የወሎ ሴት፣ ሰሊጥ ልታበጥር የወረደች፣ የምላትን ሁሉ ሰምታ፣ እኔ ኒሟን አጠጥቼ ስመለስ «ምንም የሚሰማኝ የለ፣ እኔ አልፈልግም እቱ» አለችኝ። ድሮ ቢሆን እስከ ደሴ ከተማ ድረስ እየተከተልኩ እለምናት ነበር። ምላሴን ነክሼ «ደግ፣ የምትነኪው አዲስ ነገር ከመጣ ግን ቀን አትቁጠሪ» ብዬ ሸኘኋት። በሩ ላይ ዘወር ብላ «ሰሊጧ ግን እውነት አለች?» አለች። «አለች» አልኳት። በዓመቱ አጨዳ ላይ ሁለት ጓደኞቿን ይዛ መጣች፤ ሦስቱም መርምሪን አሉ። እጄ ምንም አላገኘም። ያንኑ ነገርኳቸው፣ ያንኑ ብቻ።

ወደ ክሊራንሴ ልመለስ። ሐምሌን ነሐሴን ፊት አጥቼ ቆየሁ። መስከረም ሲያልቅ ደሴ በየቀኑ መደወል ጀመረ። በጥቅምት እንደምንም ጨክኜ ወደ ደሳሳዋ ሄድኩ። ጥሩዬ የለችም፤ እህቷ ናት ያለችው።

«ጎንደር ሄዳለች» አለችኝ እህቷ። «ግራዋ ላይ የሆነ ነገር አገኘሁ ብላ። ራሷ ናት ያገኘችው። ማሽላ ናት ትላለች፣ ሽምብራ አልደረሰችም።»

ጣውላው ላይ ማህተሟ ዝንጅብል እንደተለደፈባት ተኝታለች።

«እሷን ፈልገሽ ከሆነ ውሰጂያት» አለችኝ እህቷ።

«ራሷ ትስጠኝ» አልኳት።

አምስት ቀን ጠበቅሁ። ቤቴ ውስጥ የሚጠጣ ነገር ሁሉ ጠጣ፤ የጎረቤቴ የሎሚ ችግኝ እስከ ዛሬ እየበሰበሰች ነው። ደሴ ደውሎ «ሲስተር፣ ማህተሙስ?» ሲለኝ «ውጤት ይጠብቃል» አልኩት። ምን እንዳልኩ ስላልገባው ዘጋው።

በአምስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጠራ።

«ሲስተር።»

«አቤት።»

«በመርፌ ቀዱት። ውሃ ነው።»

«ውሃ ብቻ?»

«ውሃ ብቻ። ቋጥሮ ነው አሉ፣ ሲቀዱት ጠፋ። ጡረተኛዋ፣ አለሽ?»

«አለሁ» አልኳት። ጓሮዬ ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጬ ነበር፣ በማረባቸው ፍየሎች መሐል። ከሠላሳ ዓመት በላይ በሰው ደረት ላይ ትንፋሽ ስሰማ ኖሬ፣ የራሴን ትንፋሽ ያን ያህል ረጅም ሆኖ ሰምቼው አላውቅም።

«በስድስት ወር ተመለሺ ብለውኛል» አለችኝ። «ዛሬ ያየነውን ነው እንጂ የነገውን አናውቅም አሉ።»

«ልክ ብለዋል።»

«አውቃለሁ። አንቺ ነሽ ያስተማርሽኝ፣ በውድ ዋጋ።»

በሳምንቱ ጤና ጣቢያው ድረስ አብራኝ መጣች። ማህተሟን ከመሐረብ ፈታ ደሴ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠቻት። ደሴ አሸተታት። ቀለም ላይ ጫን አደረገና ክሊራንሴ ጥግ ላይ ሞከራት። ባዶ ሐምራዊ ክብ ወጣ።

«ይኼ ምንም አይልም እኮ» አለ።

«አዎ» አለች ጥሩዬ። «አሁን ገና ልክ ሆነ።»

ደሴ መዝገቡን አየ፣ ማህተሟን አየ፣ መዝገቡን ደግሞ አየ። «ክብ ይላል፣ ክብ ናት። ባለ እንጨት እጀታ ይላል፣ አላት። ፊደል አላት የሚል የለም» አለና ፈረመ።

ወረቀቱ ቤቴ ግድግዳ ላይ ነው። ስሜ፣ የአገልግሎት ዘመኔ፣ የደሴ ፊርማ፣ ጥጉ ላይ ደግሞ ያቺ ባዶ ክብ። ቀረብ ብሎ ላሸተታት ዛሬም ዝንጅብል ትሸታለች።